«አርፈዋል» ስንል ልጁ ምን ይሰማል?

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የ5 ዓመት ተኩል ወንድ ልጅ አለኝ። የባለቤቴ እናት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ካለ ገጠር መጥተው አብረውን መኖር ከጀመሩ 4 ወር ሆናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እዚህ ሕክምና ይከታተላሉ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «እማማን ሳም» ሲባል ይሸሻል። «እጇ ይቆረቁረኛል፣ ገመድ ገመድ አለው» ይላል። ባለፈው ወር ከታች የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ሞተው ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ነበር። «ጋሼ የት ሄዱ?» ሲለኝ «አርፈዋል» ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ብሶበታል። እሑድ ዕለት ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ስንጠጣ «እማማ፣ አንቺ አሮጌ ነሽ አይደል? መቼ ነው የምትሞቺው?» አላቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጓዳ አስገብቼ ቆነጠጥኩት። ቀን ጋደም ሲሉም እየገባ ይቀሰቅሳቸዋል። «እማማ አርፈዋል፣ አትረብሻቸው» ብለን በሩን ብንዘጋው ከፍቶ ይገባል። ትከሻቸውን ይወዘውዛል፤ ዓይናቸውን ሲገልጡ ትቷቸው ይሮጣል። ባለቤቴ በአፉ ባይለኝም «አንቺ ነሽ ያስተማርሽው» ብሎ በሆዱ እንደያዘው ይገባኛል። አማቴ ምንም አይሉም፤ ዝምታቸው ነው የሚከብደኝ። ልጄ ክፉ ሆኖብኝ ነው? ነፍስ እስኪያውቅ አዳማ ያለችው ልጃቸው ጋ ቢቆዩ ይሻል ይሆን?»

የቸገራት ምራት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው እኔም አብሬሽ አፈርኩ። ቡና ላይ፣ ያውም ጎረቤት ፊት! ሁለተኛ ሳነበው ግን እስክሪብቶ አንስቼ አንድ ቃል አሰመርኩበት። «አርፈዋል» የሚለውን። ሁለት ቦታ ጽፈሽዋል።

አንዱ ለጎረቤታችሁ ነው። ጋሼ «አረፉ»። ድንኳን ተተከለ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አለቀሱ፤ ከዚያ በኋላ ጋሼን ያየ የለም። ሁለተኛው ለአማትሽ ነው። ቀን ጋደም ሲሉ በሩ ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ ድምፁን ይቀንሳል፣ «እማማ አርፈዋል» ይባላል። እኔና አንቺ ሁለቱን አናምታታም። ልጅሽ ግን አማርኛን ገና እየለመደ ነው፤ ያረፈ ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ በዓይኑ አይቷል።

ታዲያ ምን ያድርግ? በሩን ከፍቶ ይገባል። ትከሻቸውን ይወዘውዛል። ዓይናቸውን ሲገልጡ ይሮጣል። ልብ ብለሻል? ከገለጡ በኋላ ምንም አይፈልግም። ውሃ አይጠይቅም፣ ስልክ አይጠይቅም፣ ተጫወቺልኝ አይልም። የመጣበትን አግኝቷላ።

ልጁን ስላላየሁት እንዲህ ነው ብዬ አልምልልሽም። ግን 30 ዓመት ሙሉ አፀደ ሕፃናት ሳስተምር ብዙ «ረባሽ» አይቻለሁ፤ ግማሹ ፈሪ ነበር። ዛሬ ማታ ጠይቂው። «ለምን ትቀሰቅሳቸዋለህ?» አትበይው፤ እሱ ክስ ነው፣ ዝም ይልሻል። «እማማ ተኝተው ስታያቸው ምን ይመስልሃል?» በይውና የሚለውን ስሚው።

ነገሩ እንደጠረጠርኩት ከሆነ ለእንቅልፍ «ተኝተዋል»፣ ለሞት «ሞቱ» በሉ። አውቃለሁ፣ አፍ ላይ ይከብዳል። እኛ ሞትን በስሙ አንጠራም። «አረፉ» እንላለን፣ «አንቀላፉ» እንላለን፣ «ተለዩን» እንላለን። ለትልቅ ሰው ጨዋነት ነው። ለትንሽ ልጅ ግን እንቆቅልሽ ነው። አንቀላፋ የተባለው ሰው ካልተነሳ፣ እሱስ ማታ አልጋ ላይ ሲወጣ ምን ዋስትና አለው? «ሄዱ» ብትይውም ያው ነው። አባቱ ሥራ ሄዶ ይመለሳል፤ ጋሼም እንደዚያው ይመስሉታል።

እንዲህ ብለሽ ሞክሪው፦ «ጋሼ ሞተዋል። ሰው ሲሞት ሰውነቱ መሥራት ያቆማል። አይተነፍስም፣ አይርበውም፣ አያመውም፣ ተመልሶም አይመጣም። እማማ ግን ተኝተው ነው። ና፣ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል እንይ።» በሩ ላይ ቆማችሁ ትንፋሻቸውን አብራችሁ እዩ። አንድ ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ ይየው፤ ከዚያ ራሱ ይሰለቸዋል። ሃይማኖታችሁ ስለ ነፍስ የሚለውን ጨምሪበት፣ ደግ ነው። ብቻ ይሄኛው በቅድሚያ ይነገረው።

«መቼ ነው የምትሞቺው?» የሚለውም ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ነው። ሞት የማይመለስ፣ ለማንም የማይቀር ነገር መሆኑ ለልጆች የሚገባቸው ባብዛኛው ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ልጅሽ ልክ ደፉ ላይ ቆሟል። ልጅ ሲሳደብ ያውቃል፤ በጎን ያንቺን ፊት ያያል፣ ይሽኮረመማል። እሑድ ዕለት እንደዚያ አደረገ? አይመስለኝም። «ታክሲው መቼ ይመጣል?» በሚልበት ድምፅ ነው የጠየቀው።

የእናቴን ነገር ልንገርሽ። የእህቴ ልጅ በዚሁ ዕድሜው ይሄንኑ ጠይቋት ነበር። እኛ ስንደነግጥ እሷ ቀና እንኳን ሳትል «እግዜር ሲጠራኝ። እስከዚያ ያን ቆሎ አቀብለኝ» አለችው። አቀበላት። ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ።

ወደ «አሮጌ» ልምጣ። ይሄ ቃል ያናድደኛል። የሚያናድደኝ በእኛ ነው፣ በልጁ አይደለም። ቤትሽ ውስጥ አሮጌ የሚባለው ምንድን ነው? አሮጌ ጫማ። አሮጌ ምንጣፍ። አሮጌ ጋዜጣ። ጠዋት «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ ከታች ሲሰማ ከበረንዳ የሚወርደው ሁሉ አሮጌ ነው። አማርኛችን ደግሞ «አረጀ»ን ለጫማም ለሰውም ያው አድርጎ ይጠቀምበታል። እንግዲህ ጫማው ሲያረጅ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ልጅ እማማን «አሮጌ ነሽ አይደል?» ቢላቸው፣ የሚጨነቀው ስለ ምን ይመስልሻል? «አሮጌ የሚባለው ዕቃ ነው። ሰው ሸመገለ፣ ትልቅ ሰው ሆነ ነው የሚባለው። ሰው ደግሞ አይጣልም» በይው። ሌላ ቃል ሲሳሳት እንደምታርሚው እንዲሁ አርሚው፤ ቁንጥጫ አያስፈልገውም።

«ትልቅ ሰው» ስል ግን ሌላ ጣጣ እየጠራሁ ነው። በአማርኛ ትልቅ ማለት ቁመትም ዕድሜም ነው። ትልቁ ድስት፣ ትልቁ ልጄ። ይሄን የሚያምታቱት የእኛ ልጆች ብቻ አይደሉም። የስዊዘርላንዱ የልጆች ሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ፣ ልጆች ጊዜን እንዴት እንደሚረዱ ሲያጠና ስለ ሁለት ዛፎች ይጠይቃቸው ነበር። አንዱ ቀድሞ ተተክሏል፤ ሌላው ዘግይቶ ተተክሎ በቁመት በልጦታል። በዕድሜ የሚበልጠው የቱ ነው? ትንንሾቹ ረጅሙ ይላሉ። ለእነሱ ዕድሜ ማለት ቁመት ነው። ስለዚህ ቁመቱ ያቆመ ሰው ዕድሜውም ቆሟል ማለት ነው! አያት ከጥንትም አያት ነበረች፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ትኖራለች። ክፍሌ ውስጥ «ቲቸር፣ እኔ ሳድግ አንቺ ትንሽ ትሆኛለሽ፣ ያኔ አዝልሻለሁ» ያለኝ ልጅ ነበር። ያኔ ስቄ ነበር። ዛሬ ደረጃ ስወጣ ብዙም እንዳልተሳሳተ አያለሁ።

አሁን አስቢው። ባለቤትሽ ረጅም ነው እንበል፤ አማትሽ ደግሞ ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱት። ልጁ ያ ሰውዬ የእኚህ ሴትዮ ልጅ ነው ሲባል እንዴት ይዋጥለታል? በቃል አይገባውም። ፎቶ ግን ይገባዋል። የባለቤትሽን የልጅነት ፎቶ ፈልጉ፣ እናትየው አብረው ካሉበት ደግሞ ወርቅ ነው። «ይሄ ማነው?» በሉት፣ ይገምት። አባቱም ቁጭ ብሎ አብሮ ያሳየው፤ ይሄ የምራት ሥራ ብቻ አይደለም። (ባለቤትሽ ይሄን የሚያነብ ከሆነ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።)

ዓመተ ምሕረት ለልጁ ምኑም አይደለም። አማትሽም ምናልባት በሱ አይቆጥሩም፤ «ንጉሡ ሲወርዱ ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ነበር» ነው የሚሉት። ያ 1967 ነው፣ ለልጅሽ ከኖኅ ዘመን አይለይም። እሱ የሚገባው ሌላ ነው። እሱን ሲያክሉ ምን ይጠብቁ ነበር? ጥጃ? ጫማ ነበራቸው? ጅብ አይተው ያውቃሉ? ጅብ ያለበት ወሬ ከተጀመረ ልጁን ከአጠገባቸው ማንሳት ያቅትሻል።

እጃቸው ይቆረቁራል ያለው እውነቱን ነው። ሲያርም፣ ሲፈጭ፣ ሲፈትል የኖረ እጅ ይቆረቁራል። «ገመድ» ያለውም የደም ሥሩን ነው። ዕድሜ ሲገፋ ቆዳ ይሳሳል፣ ከሥሩ ያለው ስብ ይቀንሳል፣ ሥሮቹ ወደ ላይ ይወጣሉ። ልጅ መጀመሪያ የሚያየው ይሄንን ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የአሜሪካው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ3 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆችን፣ የአንድ ሰው የተለያየ ዕድሜ ሥዕል እያሳዩ ስለ ሽማግሌዎች ጠይቀዋቸው ነበር። ልጆቹ በአንድ አፍ ሁለት ነገር ተናገሩ። ደግ ናቸው፣ ይወዱናል አሉ። ቆዳቸው ተጨማዷል፣ ደካማና በሽተኛ ናቸውም አሉ። አንቺስ ስታረጂ ሲባሉ ብዙዎቹ ነገሩን አልወደዱትም። እኔን ያስገረመኝ ግን ይሄ አይደለም። ከራሳቸው ዘመድ ውጪ በቅርብ የሚያውቁት ሽማግሌ ያላቸው ልጆች ጥቂት መሆናቸው ነው።

«እሱ አሜሪካ ነው» ትይኝ ይሆናል። የአንቺ ፎቅ ላይስ? አገራችን የልጆች አገር ናት። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ100 ሰው 45 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ነበር፤ 65 የሞላውና ያለፈው 3 ያህል ብቻ። ገጠር ቢሆን እነዚያን ጥቂቶች ልጁ በየደጁ ያገኛቸዋል። አንዷ ዶሮ ታባርራለች፣ አንዱ አጥር ያጥራል፣ ሌላው ይገላግላል። ሊፍት የሌለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግን ጉልበቱን የሚያመው ሰው አይወርድም፣ አይታይም። ልጅሽ በዚህ ዕድሜው ስንት ሽማግሌ ያውቃል? ጋሼን ያውቅ ነበር። እሳቸውም ሞቱ። ቀጥሎ እማማ ናቸው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ አማትሽ ይቀመጣሉ፣ ይጋደማሉ፣ ይሳማሉ። ሌላስ ምን ይሠራሉ? አንድም ቃል አልጻፍሽም። ክፋት አይደለም፤ «ደክመዋል፣ ይረፉ» ብላችሁ ነው። (ይኸው እዚህም «ይረፉ»!) ግን ሴትዮዋ በአገራቸው የቤት ራስ ነበሩ። እዚህ ሶፋ ላይ የተቀመጡ ቆዳና አጥንት ሆነው ቀሩ። ልጁ የሚያየው ሌላ ነገር ስላጣ ቆዳቸውን ያያል።

አባባ ተስፋዬን አስታውሺ። ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ዓይናችን እያየ ሸመገሉ። ፀጉራቸው መንጣቱን ማን ልብ አለ? እኛ የምንጠብቀው ተረቱን ነበር።

ለአማትሽ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ስጪ። የምር ሥራ ይሁን፤ የማስመሰል ከሆነ ወዲያው ይገባቸዋል፣ ይከፋቸዋልም። ምስር ይልቀሙ። ልጁ ከጎናቸው ይቀመጥና ጠጠሯን እሱ ይፈልግ፤ የእሱ ዓይን ስለታም ነው፣ የሳቸው እጅ ፈጣን ነው፣ ይስማማሉ። እንዝርት ካመጡ ደግሞ ጥጥ ግዢላቸው። እንዝርት ሲሾር አይቶ የማይጠጋ ልጅ አላየሁም። ቃል እገባልሻለሁ፣ በሁለተኛው ቀን «እኔም ልሞክር» ብሎ ያን የሚቆረቁር እጅ በራሱ እጅ ይይዘዋል።

ስለ መሳም ደግሞ አንዳንድ አንባቢ ሊቆጣኝ ይችላል። እኔ ሰላምታ ግዴታ፣ መሳም ፈቃድ ነው ባይ ነኝ። እኛ የትልቅ ሰው ጉልበት ስመን ነው ያደግነው፣ አልተጎዳንም። ነገር ግን ሲጎተት የሚሳም ልጅ የሚማረው አክብሮት አይደለም፣ ማምለጫ ነው። ጠዋት ሲነሳ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እጅ ነስቶ «እማማ፣ እንዴት አደርሽ?» ይበል። ይሄን አያስቀርም፣ ድርድር የለውም። እሳቸውም «እደግ ተመንደግ!» ይበሉት። ምርቃት የምትጣፍጠው ልጅ ብዙ ነው። መሳሙ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ለአማትሽ ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ልጁ እንደናቃቸው እንዳይመስላቸው።

አንድ ጥርጣሬ ቀረኝ። «ዝምታቸው ነው የሚከብደኝ» ብለሻል። አማትሽ ጭራሽ ባይሰሙትስ? አልቀልድም። በዕድሜ የሚደክም ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ቀጭን ድምፅ ነው። የልጅ ድምፅ ቀጭን ነው፤ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ» የመሳሰሉትም ቀድመው ይጠፋሉ። የባለቤትሽን ጎርናና ድምፅ ይሰማሉ፣ የልጁን ግን ግማሹን ያጡታል። ልጁ ይናገራል፣ እሳቸው አይመልሱም፤ እሱ ተቆጡ ይላል፣ እሳቸው ልጁ አይጠጋኝም ይላሉ። አንቺ ደግሞ መሀል ቆመሽ ሁለቱንም ዝም ተባባሉ ትያለሽ። ቴሌቪዥኑን ዝጊና ልጁ ፊታቸው ቆሞ ቀስ ብሎ ያውራቸው። አይጩህ፤ ጩኸት ድምፁን ያበላሸዋል እንጂ አያጠራውም። ልዩነት ካየሽ፣ ለጉልበታቸው ሐኪም ቤት ስትሄዱ ጆሯቸውንም አስመርምሪ።

ሰምተው ዝም ብለው ከሆነም አንቺው ቀድመሽ አንሺው። «እማማ፣ እሑድ ልጁ ያለው አሳፈረኝ» በያቸው። የገጠር እናቶች ሞትን ከእኛ ይልቅ በቀላሉ ነው የሚያወሩት። አንቺ እስክታወሪ እየጠበቁ ይሆናል።

ከቤትሽ ሰዎችም አጣሪ። «ዝም ካላልክ ለዚያ ሽማግሌ እሰጥሃለሁ» እያለ የሚያስፈራራው አለ? ሞግዚት፣ አክስት፣ አንቺ ራስሽ? ካለ ይቁም።

ቁንጥጫውን አንስተሽ ንገሪው። «ያን ቀን ደንግጬ ነው የቆነጠጥኩህ። ጥያቄህ መጥፎ አልነበረም፤ እንደዚያ ያለውን ለብቻችን ስንሆን ጠይቀኝ» በይው። ይሄን ሁሉ አድርገሽ ሳምንታት ካለፉ በኋላም ሌሊት እየባነነ ካስቸገረ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ ከጀመረ ወይም ካንቺ አልለይ ካለ ለልጆች ሐኪም አሳዪው።

አዳማ ያልሽው ግን አይሆንም። ለአማትሽ ሕክምና ብዬ ብቻ አይደለም። በልጁ ዓይን እዪው። ጋሼ አረፉ፣ ጠፉ። እማማን አሮጌ ነሽ አልኳት፣ መቼ ትሞቻለሽ አልኳት፣ እናቴ ቆነጠጠችኝ፣ ከሳምንት በኋላ የእማማ ሻንጣ ደረጃውን ወረደ። ይሄን ገጣጥሞ ምን እንደሚደርስበት አንቺም እኔም እናውቃለን።

ማታ ስትጠይቂው ያለሽን ጻፊልኝ። እንደተናገረው አድርገሽ፣ ሳታሳምሪው።